ሰማያዊና ነጩ የቻይና ሸክላ፦ ሰማያዊው ከኢራን ነው የመጣው ይላሉ፣ እውነት ነው?

ሰብለ ከለንደን

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሸክላ ወይም ስለ ቻይና ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ካለ አንድ ሁለት ጥያቄ አለኝ።

እሁድ ዕለት ስራ ስላልነበረኝ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄድኩ። መግቢያው በነፃ ነው። 95 ቁጥር ክፍል ውስጥ ያለው በሙሉ የቻይና ሸክላ ነው፣ ሰር ፐርሲቫል ዴቪድ የሚባል ሰው የሰበሰበው፣ ወደ 1,700 የሚጠጋ ዕቃ። እዚያ ሁለት መንትያ የአበባ ማስቀመጫዎች አሉ። ቁመታቸው ከ60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ጆሯቸው የዝሆን ራስ ነው፣ ሆዳቸው ላይ ዘንዶ ተጠምዞ ይዞራል። ሰማያዊው ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። 1351 የሚለውን ዓመት ሳነብ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለቴ አየሁት።

አጠገቤ የነበረች አስጎብኚ ለሰዎቿ «ሰማያዊው ከፋርስ የመጣ ነው» ስትል ሰማሁ። ፋርስ ማለት የዛሬዋ ኢራን። ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ሰማያዊና ነጭ ሳይ በቃ ቻይና ነው የሚታየኝ። ቀለሙ የሌላ አገር ከሆነ እንዴት የቻይና ሆነ?

ሌላው ደግሞ ኢስታንቡል የምትኖር ጓደኛዬ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከዚህ በጣም የበዛ አለ አለችኝ። እዚያስ ምን ወሰደው?

የመጨረሻው የግል ነው። አክስቴ ቤት አንድ ሰማያዊና ነጭ ሳህን አለ። ከስሩ ስድስት የቻይና ፊደላት ተጽፎበታል። አንድ ሰው አይቶት «ይሄ የሚንግ ዘመን ነው፣ ቤት ይገዛል» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሳህኑን ከቁም ሳጥን አታወጣውም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ዳኜ ሸክላው

አስጎብኚዋ ልክ ናት፣ ግን የነገረቻችሁ ግማሹን ነው። ሰማያዊው የፋርስ ነው። ነጩ የጂንግደዠን ነው።

እኔ ጂንግደዠን ነው የተማርኩት። ጂያንግሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት። ከሺህ ዓመት በላይ ሥራዋ ሸክላ ነው። ስሟን ራሱ ያገኘችው በሸክላዋ ነው፤ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ከ1004 እስከ 1007 ያለው የንግሥና ዘመን ጂንግደ ይባል ነበር፣ ያን ስም ለእሷ ሰጧት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋኦሊንግ የሚባል ኮረብታ አለ። ዛሬ ዓለም ሁሉ ካኦሊን የሚለው ነጭ አፈር ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ይህን አፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይቀላቅሉታል። ድንጋዩን የሚወቅጠው የወንዝ ውሃ እያነሳ የሚጥለው ትልቅ የእንጨት መዶሻ ነው። ከሩቅ ስትሰሚው ጎረቤት ቡና የሚወቅጥ ይመስላል። አፈሩ አጥንት፣ ድንጋዩ ሥጋ ነው ይላሉ። አፈሩ ብቻውን ከሆነ አይቀልጥም፣ ድንጋዩ ብቻውን ከሆነ ቅርጹን አይዝም። ሁለቱ ተቀላቅለው 1300 ዲግሪ አካባቢ ሲተኮሱ ነው ያ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲነካ ጥርት ብሎ የሚጮህ ነገር የሚወጣው።

አሁን ወደ ሰማያዊው። እዚህ ሙቀት ላይ አብዛኛው ቀለም ይቃጠላል ወይም ይተናል። ቀይ ከመዳብ ይሠራ ነበር፣ ነገር ግን አመለኛ ነው፤ አንዱ ቀይ ይወጣል፣ አሥሩ ግራጫ ይሆናል። ኮባልት የሚባለው ማዕድን ግን ይችለዋል። ሰማያዊ ሆኖ ይገባል አትበይ፣ ሲገባማ ሰማያዊ አይደለም። ይሄን ማንም አይነግርሽም። እኔም በመጀመሪያው ቀን ነው የገረመኝ። ዱቄቱ ጥቁር ግራጫ ነው፣ የከሰል ብናኝ ነው የሚመስለው። እዚያ ያሉ ሠዓሊዎች በሻይ ውሃ ይበጠብጡታል። ያልተተኮሰው ደረቅ ሸክላ ብሩሹ ገና ሲነካው ቀለሙን ምጥጥ ያደርገዋል። መደምሰስ የለም። እጅሽ ካመነታ ያመነታሽበት ቦታ ላይ ጠብታ ይቀራል፣ ተተኩሶ ሲወጣም እዚያው ታገኝዋለሽ። መጀመሪያ በቀጭን ብሩሽ መስመሩ ይሠራል፣ ከዚያ ሆዱ ወፍራም ጫፉ ሹል በሆነ ሌላ ብሩሽ ውሃ የበዛበት ቀለም በመስመሮቹ መካከል ይነዳል። ብሩሹ ሸክላውን ራሱን አይነካም፣ የሚነካው የውሃው ጠብታ ነው። አስተማሪዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ነበሩ፣ አንዲት የሎተስ ቅጠል ሲሞሉ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

ከዚያ በላዩ ላይ ፈሳሹን የመስታወት ሽፋን በቀርከሃ ቱቦ ይነፉበታል። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ሁሉም ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ከዚያ በሸክላ ሣጥን ውስጥ ተከቶ፣ ጭስና አመድ እንዳይነካው ተከድኖ ወደ እቶን ይገባል። ሲወጣ ሽፋኑ መስታወት ሆኗል፣ ጥቁሩም ሰማያዊ። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ጂንግደዠን የነበረ ዳንትረኮል የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ አንድ ዕቃ ሰባ ሰው እጅ ያልፋል ብሎ ጽፏል። እኔ ሰባ ባልቆጥርም አያንስም።

አብዱ ሻርጃ

ዳኜ አላህ ይስጥህ፣ ያ የጠብታው ነገር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ሰብለ «እዚያስ ምን ወሰደው» ያለችውን ልመልስ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቡና የምንጠጣበት «ስኒ» የሚለው ቃል ከዓረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው። ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው፣ በቃ። ሲን ቻይና ነው። እናቶቻችን በቀን ሦስት ጊዜ ረከቦት ላይ የሚደረድሩት የቻይናን ስም ነው። ቃሉ በየት እንደመጣ ካያችሁ ሸክላውም በየት እንደሄደ ታያላችሁ፣ ቻይና፣ ሕንድ ውቅያኖስ፣ የዓረብ ነጋዴ፣ ቀይ ባሕር።

የዓረቦቹ ነገር ደግሞ ከ1351 በጣም ይቀድማል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኢራቅ ባለችው ባስራ ውስጥ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች የቻይና ነጭ ዕቃ አዩና ቀኑበት። እንደዚያ ያለ ነጭ አፈር የላቸውም። ስለዚህ ተራውን ሸክላ ቆርቆሮ ያለበት ነጭ ሽፋን ቀቡትና በላዩ በኮባልት ሳሉበት። በነጭ ላይ ሰማያዊ። ያኔ ቻይና ውስጥም ሄናን አካባቢ ጥቂት ተሞክሯል። ይሄ በደንብ የታየው በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቤሊቱንግ ከምትባል ደሴት አጠገብ የሰመጠ መርከብ ሲገኝ ነው። መርከቡ የዓረብ አሠራር ነው፣ ሳንቃው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ። በውስጡ ወደ 60,000 የሚጠጋ የቻይና ሸክላ ነበር። አንዱ ጎድጓዳ ሳህን ላይ 826ን የሚያመለክት ቀን ተጽፎበታል። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ሰማያዊና ነጭ የነበሩት ሦስት ሳህኖች ብቻ ናቸው። ሦስት! ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ መቶ ዓመት ቀዘቀዘ።

እንደገና ያነሱት ሞንጎሎች ናቸው። ከ1271 እስከ 1368 ቻይናን የገዙት እነሱ ናቸው፣ ዘመዶቻቸው ደግሞ ፋርስን ያዙ። የፋርስ ኮባልት ካሻን አካባቢ ካሉ ተራሮች ይወጣል። እሱ ወደ ጂንግደዠን፣ ሸክላው ወደ ፋርስ ይሄዳል፣ በመሀል ያሉት የሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ቻይናዎች ራሳቸው ከሞንጎሎቹ ቀጥሎ በገዛው በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ይህን ቀለም «ሁይ ሁይ ቺንግ» ይሉት ነበር፣ የሙስሊሞች ሰማያዊ እንደማለት።

አሁን ቶፕካፒ ያሉትን ሳህኖች እዪ። ግዙፍ ናቸው፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው ሞልተዋል። ቻይናዊ ሩዙን የሚበላው በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን፣ ለየብቻው ነው። ያን የሚያህል ሳህን ለምን ይሠራል? ለሌላ ገበታ ነው የሠራው። ከአንድ ዕቃ ከብበው ለሚበሉ ሰዎች። ለእኛ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቶፕካፒ ከ10,000 በላይ የቻይና ሸክላ አለ፣ ከሞንጎሎቹ ዘመን የሆነው ሰማያዊና ነጭ ደግሞ 40 ያህል ነው። ኢራን ውስጥም ሻህ አባስ በ1611 አርደቢል ላለው ለቀደምት አባቱ ለሼክ ሳፊ መቃብር ከ1,100 በላይ ሸክላ ሰጥቷል።

ወደ እኛ አቅጣጫም መጥቷል። ኬንያ ጠረፍ ማምብሩይ ላይ ከመቃብር በላይ የቆመ ዓምድ አለ፣ የሚንግ ጎድጓዳ ሳህኖች ከግንቡ ጋር ተለስነው ያጌጠ። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተቆፈረው ቦታም የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል፣ እሱ ግን አረንጓዴው ሴላደን የሚባለው ነው፣ ሰማያዊው አይደለም። እንዳናምታታው ብዬ ነው።

ሙሉ ዘ ሮተርዳም

አብዱ ያልከው በሙሉ ልክ ነው፣ ግን የሄደበት መንገድ ትንሽ አሳሰበኝ። እንዲህ ሲነገር ሰው «እንግዲያው ቻይናዎቹ ገልባጭ ናቸው» ብሎ ይሄዳል። ከዚህ በፊት እንደዚያ ብለው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፣ ያናድደኛል።

ባስራዎቹ ነጩን መሥራት አልቻሉም። ፋርሶቹም አልቻሉም። ቱርኮቹ ኢዝኒክ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠሩት ውብ ነው፣ ያ ግን ፖርሴሊን፣ ማለትም ያ ብርሃን የሚያሳልፈው የቻይና ዕቃ፣ አይደለም። ኮባልቱ አጠገባቸው እያለ የቻይናው ዓይነት ዕቃ አልወጣላቸውም። ደግሞ የፋርሱ ኮባልት ሁልጊዜ አልነበረም። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ጂንግደዠን የአገር ውስጥ ኮባልት በብዛት መጠቀም ጀመረ። የአገር ውስጡ ማንጋኒዝ ይበዛበታል፣ ካልተጣራ ወደ ግራጫ ያዘነብላል። የፋርሱ ደግሞ ብረት ይበዛዋል፣ ቀለሙ ወፍራም በሆነበት ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። በ1400ዎቹ መጀመሪያ በነገሡት የሚንግ ነገሥታት፣ በዮንግለና በሹዋንደ ዘመን በተሠራ ዕቃ ላይ ያንን ነጠብጣብ ታዩታላችሁ። ያኔ ጉድለት ነበር፣ በኋላ በጣም ስለተወደደ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች በብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ እየጨመሩ አስመስለው ይሠሩት ጀመር። በመሳሪያ ብረቱንና ማንጋኒዙን ለክተው የዕቃውን ዘመን የሚገምቱትም በዚህ ነው።

እና አንድ የሚገርም ነገር። ቻይናዎቹ የተማሩ ሰዎች ራሳቸው መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። በ1388 ጻኦ ዣኦ የሚባል ሰው ስለ ጥንታዊ ዕቃዎች በጻፈው መጽሐፍ ሰማያዊና ነጩን በጣም ተራ ነገር ብሎታል። እነሱ የለመዱት ጸጥ ያለውን፣ ሥዕል የሌለውን የሶንግ ዕቃ ነው። መጀመሪያ የወደደው ገበያው ነው፣ ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ወደደው፣ ከዚያ ሁሉም ወደደው።

የአውሮፓውን እኔ ልጨምር፣ ሰፈሬ ነውና። በ1603 ሆላንዶች ሳንታ ካታሪና የምትባል የፖርቱጋል መርከብ ሲንጋፖር አካባቢ ማረኩ። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሸክላ ነበረባት። በዓመቱ አምስተርዳም ላይ ተጫረተ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገሥታት ሳይቀሩ ገዙ። ዴልፍት በምትባለው የሆላንድ ከተማ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ያንን አይተው ነው ዛሬ ቱሪስት የሚሸምተውን ሰማያዊና ነጭ የጀመሩት፣ እሱም ውስጡ ቢጫ ተራ ሸክላ ነው፣ ጠርዙ ሲሸረፍ ይታያል። በ1717 ደግሞ የጀርመኗ ሳክሶኒ ገዢ አውጉስጦስ 600 ፈረሰኛ ወታደሮቹን ለፕሩሲያው ንጉሥ ሰጥቶ 151 ሸክላ ወሰደ። ከእነሱ መካከል ያሉት ትልልቅ ሰማያዊና ነጭ ማሰሮዎች ድሬስደን ሙዚየም ቆመዋል፣ አይቻቸዋለሁ። ወገቤን ያልፋሉ። ፊታቸው ቆሜ ያሰብኩት ስለ ሥዕሉ አልነበረም፣ ስለነዚያ 600 ልጆች ነበር። አንዱ ስንት ሰው ወጣበት እያልኩ።

አብዱ ሻርጃ

ሙሉ ተቀብያለሁ። ገልባጭ ማለቴ አልነበረም። እኔ ያልኩት የገዢው እጅ አለበት ነው፣ የሠሪው እጅማ ማን ይክደዋል።

ሰብለ ከለንደን

ሁላችሁም ተባረኩ። ሙሉ፣ የ600ዎቹን ነገር ካነበብኩ በኋላ ስራ ላይ ሆኜ አልወጣልኝም።

ዳኜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤተ መንግሥት የሚገቡት ዕቃዎች ሲበላሹ ምን ያደርጓቸው ነበር? ጠብታ የወደቀበት ለምሳሌ።

ዳኜ ሸክላው

ይሰብሩታል። ንጉሡ የማይቀበለው ዕቃ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ሰባብረው ይቀብሩት ነበር፣ እዚያው ንጉሣዊው እቶን ግቢ፣ ዡሻን በሚባለው ቦታ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየቆፈሩ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ሲገጣጥሙ ኖረዋል። ሙሉ ሆኖ የተረፈ ዕቃ በዓለም ላይ የሌለው ቅርጽ ሁሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተገኝቷል። የተጣለው ነው ዛሬ ብዙ ያስተማረው።

ጂንግደዠን ሰኞ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ የሚቆም ገበያ አለ። «የመናፍስት ገበያ» ይሉታል። ሻጮቹ መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግተው ስብርባሪ ይደረድራሉ፣ ገዢው በባትሪ ብርሃን እየዞረ ያያል። እኔም አንድ ገዝቻለሁ። ከመዳፌ ያንሳል፣ የዓሣ ጭራ አለበት፣ ዓሣው ራሱ የለም። ጭራው በሦስት የብሩሽ ምት ነው የተሠራው፣ ሦስተኛው ላይ ቀለሙ እያለቀበት ስለነበር ሳስቷል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው አሁን ይህን ስጽፍ።

ጋሽ በላቸው ዋሽንግተን

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። የዳኜን ዓሣ ወድጄዋለሁ። እኔ የሳህኑን ጥያቄ ልመልስ፣ ማንም አልነካውምና። እዚህ አገር የጥንት ዕቃ ሲያሽግና ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው ነኝ።

ልጄ ሰብለ፣ ከስር ያሉት ስድስት ፊደላት የዘመን ስም ናቸው። «በታላቁ ሚንግ በእገሌ ዘመን ተሠራ» ይላሉ። ችግሩ ማንም ሊጽፋቸው መቻሉ ነው። ቻይናዎቹ ራሳቸው ቀደምቶቻቸውን ለማክበር በድሮ ንጉሥ ስም ይጽፉ ነበር። ካንግሺ የሚባለው ንጉሥ ዘመን የተሠራ ብዙ ዕቃ ከስሩ የሹዋንደ ወይም የቼንግኋ ስም አለበት፣ ሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ደግሞ በ1677 የጂንግደዠን ሹም የንጉሡን ስም ዕቃ ላይ መጻፍ ከልክሎ ነበር፣ ሲሰበር ስሙ ይረክሳል ብሎ። ስለዚህ ፊደሉን አይታችሁ ዘመኑን አትቁረጡ።

አክስትሽ ሳህኑን አውጥተው ይገልብጡት። መቀመጫው ቀለበት ላይ ሽፋን የሌለበት ጭረት ይኖራል፣ በጣት ይዳስሱት። የእጅ ሥራ ከሆነ አንድ ወጥ አይሆንም። ከዚያ ሰማያዊውን በስልክ ካሜራ አቅርበሽ እዪው። ቀለሙ ጥቃቅን እኩል ነጠብጣቦች ከሆነ፣ ወይም የጠርዙ ሐረግ ዞሮ ሲገናኝ የተቆረጠ ወረቀት የተጋጠመ ከመሰለ፣ የማተሚያ ሥራ ነው። በፈረንጅ ፊደል የአገር ስም ካለበት ደግሞ ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው ብለሽ ያዢው፣ ያኔ ነው አሜሪካ ወደ አገሯ በሚገባ ዕቃ ላይ የአገሩ ስም ይጻፍ ያለችው። ያ ቤት ይገዛል ያለው ሰው ሊገዛው ካልጠየቀ ነገሩ ገብቶታል።

ሰብለ ከለንደን

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አክስቴ ጋር ሄጄ አየነው። ነጠብጣብ ነው። ጠርዙ ላይም ያሉት መጋጠሚያ አለ፣ አበባው ግማሽ ላይ ተቆርጦ ሌላ አበባ ይጀምራል። አክስቴ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለችና «እሰይ» አለች። ከዚያ ሳህኑን አጥባ ፍራፍሬ ደረደረችበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርታው ነበር።

ዛሬ ደግሞ ተመልሼ ወደ 95 ቁጥር ሄጄ ነበር። ባለፈው ያላየሁትን አየሁ፣ የአበባ ማስቀመጫዎቹ አንገት ላይ ጽሑፍ አለ። ትርጉሙን አነበብኩት። ዣንግ ዌንጂን የሚባል ሰው ነው ያስጻፈው። ለቤተሰቡ ጥበቃ፣ ለወንድና ሴት ልጆቹ ሰላም ብሎ ሁለቱን የአበባ ማስቀመጫና አንድ የዕጣን ማጨሻ ለቤተ መቅደስ ሰጠ ይላል። ስለት ነው። እኔ ለንጉሥ የተሠራ መስሎኝ ነበር። አባት ነው።

የዕጣን ማጨሻውስ የት ገባ? መደርደሪያው ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ሙሉ ዘ ሮተርዳም

አልተገኘም። ሁለቱም ማስቀመጫዎች ራሳቸው ተለያይተው ነበር፣ አንድ ላይ የመለሳቸው ሰብሳቢው ፐርሲቫል ዴቪድ ነው። ዓመቱ በግልጽ ስለተጻፈባቸው ነው በ1950ዎቹ ጆን ፖፕ የሚባል አሜሪካዊ እነሱን ይዞ ቶፕካፒና አርደቢል ያሉትን የለየው። ከዚያ በፊት በሞንጎሎቹ ዘመን እንደዚህ ያለ ሰማያዊና ነጭ ይሠራ ነበር ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። የዣንግ ዌንጂን ማጨሻ ግን እስከ ዛሬ የለም።

ሰብለ ከለንደን

እሺ። እሁድ እንደገና እሄዳለሁ። ለንደን ያላችሁ ካላችሁ አራት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ነኝ።